ኢንሹራንስ ቪዥን ቴራፒ አልከፍልም ሲል፦ ከኪስ ከመክፈል በፊት ምን ይደረጋል?

አደይ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ10 ዓመት ልጃችን ሲያነብ መስመር ይዘላል፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱን ያመዋል፣ ፊደሉም ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየዋል። የርቀት እይታው 20/20 ነው፤ መነጽር አያስፈልገውም ተብሏል። የዓይን መርማሪዋ (ኦፕቶሜትሪስቷ) ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ አለበት፣ ማለትም በቅርብ ሲያይ ሁለቱ ዓይኖቹ በበቂ አይጋጠሙም ብላ 24 ጊዜ ቪዥን ቴራፒ (የዓይን ልምምድ ሕክምና) አዘዘችለት፣ በሳምንት አንድ ቀን። አንዱ ቀጠሮ 160 ዶላር ስለሆነ በጠቅላላ 3,840 ዶላር ይመጣል። አስቀድመን በአንዴ ከከፈልን 10 በመቶ ይቀንሱልናል፣ ማለትም 3,456። ክሊኒኩ በቀጥታ ከኢንሹራንስ ጋር አይሠራም። ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል ደግሞ "ቪዥን ቴራፒ አንሸፍንም" ከማለት በቀር ምንም አላብራሩልኝም። ኢንሹራንሳችን በባለቤቴ መሥሪያ ቤት በኩል የመጣ ነው።

ይግባኝ ማለቱ ያዋጣል? ወይስ ዝም ብለን ከፍለን እንጀምር? በአንዴ መክፈሉስ ይሻላል? የምታውቁ ብትመክሩኝ።

ግዮን

እህቴ፣ ከመክፈልሽም ከመከራከርሽም በፊት "አንሸፍንም" ያሉበት ምክንያት የቱ እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ሦስት ዓይነት እምቢታ አለ፤ መፍትሔያቸውም አይገናኝም።

በመጀመሪያ ግን የስልኩን መልስ እንደ መጨረሻ አትውሰጂው። ስልክ የሚመልሰው ሠራተኛ "ቪዥን" የሚለውን ቃል ሲሰማ ብዙ ጊዜ የሚያየው የመነጽሩን ፕላን ነው። የቪዥን ፕላን ሥራው ዓመታዊ ምርመራና መነጽር ነው። ይህ ሕክምና የሚጠየቀው ግን በዋናው የሕክምና ኢንሹራንስ ነው። እንደገና ደውዪና በኮድ ጠይቂ። የሕክምናው ኮድ 92065 ነው፤ ኦርቶፕቲክ ትሬይኒንግ ይባላል። የበሽታው ኮድ ኤች 51.11 ነው፣ ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ። "ይህ ኮድ ለዚህ ምርመራ ይሸፈናል ወይ? ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል ወይ? በዓመት ስንት ጊዜ ነው ገደቡ? ከኔትወርክ ውጪ (ከእናንተ ጋር ውል ወደሌለው ሐኪም) ብሄድ ዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከኪሴ የምከፍለው) ስንት ነው፣ ከዚያ በኋላስ ስንት በመቶ ትከፍላላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ቀኑን፣ የሠራተኛውን ስምና የጥሪውን መለያ ቁጥር ጻፊ። በእንግሊዝኛ መከራከሩ ከከበደሽ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በነጻ ያቀርባሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር በግማሽ ተሰምቶ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ሌላ ኮድም አለ። ከ2023 ጀምሮ ልምምዱን ሐኪሟ ራሷ ካልሠራችውና በእሷ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ረዳት ቴራፒስት ከሠራው ኮዱ 92066 ነው። ከልጁ ጋር በየሳምንቱ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂ። ረዳቱ የሠራውን በ92065 ካስገቡት ኢንሹራንሱ በኋላ ፋይሉን ሲያይ ገንዘቡን መልሱ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ እምቢታዎቹ።

አንደኛው ውሉ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ክልከላ ነው፣ ኤክስክሉዥን የሚሉት። ይህን ለማየት ባለ ጥቂት ገጹ ማጠቃለያ አይበቃም። ሙሉውን የፕላን ሰነድ ከባለቤትሽ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ጠይቁ፤ በጽሑፍ ሲጠየቁ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ከዚያ "ኦርቶፕቲክስ"፣ "ቪዥን ትሬይኒንግ"፣ "አይ ኤክሰርሳይዝ" የሚሉትን ቃላት ፈልጊ። ክልከላው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ከተጻፈ፣ የሐኪም ደብዳቤ ክምር ብታቀርቢም ይግባኙ ብዙ አያራምድም፤ ምክንያቱም ክርክሩ ልጁ ሕክምናው ያስፈልገዋል አያስፈልገውም ሳይሆን ውሉ ምን ይላል ነው። እዚህ ላይ አንድ በር ብቻ ይቀራል። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሠራተኛውን ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው፤ የኢንሹራንሱ ኩባንያ ወረቀቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ይህ ሰልፍ ፈንድድ ይባላል። እንደዚያ ከሆነ የሰው ኃይል ክፍሉ ለቀጣዩ ዓመት ክልከላውን እንዲያነሳ ባለቤትሽ መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው "ለሕክምና አስፈላጊ አይደለም" ወይም "ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው" የሚለው ነው። ይግባኝ ዋጋ ያለው እዚህ ነው። የእምቢታው ደብዳቤ ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለሽ። ሕክምናው ካልተጀመረ በ30 ቀን፣ ተሠርቶ ካለቀ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። እዚያም እምቢ ካሉ በ4 ወር ውስጥ ከኩባንያው ውጪ ባለ ገለልተኛ አካል እንዲታይልሽ ትጠይቂያለሽ። ያ አካል በ45 ቀን ይወስናል፤ ካንቺ ጋር ከተስማማ ኢንሹራንሱ መክፈል ግዴታው ነው። ይግባኙን ከመጻፍሽ በፊት የክሌሙን (የክፍያ ጥያቄውን) ሙሉ ፋይልና ለውሳኔው የተጠቀሙበትን የሕክምና ፖሊሲ ጠይቂ፣ ያለ ክፍያ ይሰጡሻል። ፖሊሲውን ሳያዩ ይግባኝ መጻፍ በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው። ብዙ ኩባንያዎች ፖሊሲያቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል፤ ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲን ለይተው የሚፈቅዱ፣ ግን የቀጠሮውን ቁጥር የሚገድቡ አሉ።

ሦስተኛው የወረቀት ስህተት ነው፦ ክሌሙ ወደ መነጽሩ ፕላን መላክ፣ የተሳሳተ ኮድ፣ ያልተጠየቀ ቅድመ ፈቃድ። ይህ ይግባኝ አያስፈልገውም፤ ክሌሙ ታርሞ እንደገና ይላካል።

ክሊኒኩ ኢንሹራንስ አይቀበልም ማለት ክሌም ማስገባት አትችዪም ማለት አይደለም። ሱፐርቢል የሚባለውን ዝርዝር ደረሰኝ አስጽፊ። እያንዳንዱ ቀን ለብቻው፣ ከኮዱ፣ ከምርመራው፣ ከዋጋው፣ ከሐኪሟ ኤንፒአይ (የሐኪም መለያ) ቁጥርና ከክሊኒኩ የታክስ ቁጥር ጋር መጻፍ አለበት። "የቴራፒ ጥቅል 3,456 ዶላር" የሚል አንድ መስመር ደረሰኝ ይዘሽ ብትሄጂ ይመልሱሻል።

ደግሞ በአካባቢያችሁ በኔትወርኩ ውስጥ ይህን የሚሠራ ማንም ከሌለ፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ኔትወርክ ጋፕ ኤክሴፕሽን ጠይቂ። ከተፈቀደ የውጪዋን ሐኪም እንደ ኔትወርክ ሐኪም ቆጥረው ይከፍላሉ። ከተጀመረ በኋላ ግን ማግኘቱ በጣም ይከብዳል።

ዓይናማው

ግዮን የወረቀቱን ነገር በሚገባ አስረድቶታል። እኔ ስለ ሕክምናው ልጨምር፤ ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነውና።

እመቤት፣ መጀመሪያ የልጁን ልኬቶች በቁጥር ይጠይቁ። ይህ ምርመራ በግምት የሚሰጥ አይደለም። ትንሽ ምልክት ወደ አፍንጫ ሲቀርብ ዓይኖቹ ስንት ሴንቲሜትር ላይ ይለቃሉ? 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግር አለ። በቅርብ ሲያይ ዓይን ወደ ውጪ የመሸሹ መጠን ከርቀቱ በስንት ፕሪዝም (የዓይን መሸሽ መለኪያ) ይበልጣል? በጥናቶቹ መለኪያ ቢያንስ በ4 መብለጥ አለበት። ዓይኖቹን ወደ ውስጥ የማዞር አቅሙስ ስንት ነው? 15 ፕሪዝም ወይም ከዚያ በታች ዝቅተኛ ነው። ባለ 15 ጥያቄ የምልክቶች መጠይቅም አለ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ለልጅ 16 እና ከዚያ በላይ ምልክት አለው ማለት ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች ከነቀናቸው በወረቀት ይያዙ። ይግባኝ ላይ "ልጁ ማንበብ ተቸግሯል" ከሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ይልቅ እነሱ ይሠራሉ። እነዚህን ለክታ የማታውቅ ሐኪም ከሆነች ደግሞ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ሌላ ሐኪም ያማክሩ፤ የሕፃናት ዓይን ሐኪም ቢያየው መልካም ነው።

ከዚያ 24 የሚለው ቁጥር። በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ድጋፍ የተሠራውና በ2008 የታተመው ጥናት ከ9 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 221 ልጆችን አራት ቦታ ከፍሎ ለ12 ሳምንት አክሟል። ክሊኒክ ውስጥ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቤት ደግሞ በሳምንት 5 ቀን 15 ደቂቃ የሠሩት 73 በመቶ ያህሉ ዳኑ ወይም ተሻሻሉ። ቤት ብቻ በእርሳስ (እርሳሱን ወደ አፍንጫ እያቀረቡ) የሠሩት 43 በመቶ፣ ቤት በኮምፒውተርና በእርሳስ የሠሩት 33 በመቶ፣ ለማስመሰል የተሰጠ ሕክምና የወሰዱት 35 በመቶ ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር ይያዙ። የክሊኒኩ ሥራ በእርግጥ ይበልጣል፣ ስለዚህ "በሙከራ ላይ ያለ ነው" ለሚል ኢንሹራንስ ዋናው መልስ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ የተፈተነው 12 ሳምንት ነው። ሐኪሟን "በ12ኛው ሳምንት እንደገና ለክተን ካስፈለገ እንቀጥል" ይበሏት። 12 ቀጠሮ 1,920 ዶላር ነው፤ ግማሹ ማለት ነው። አንዳንድ ልጅ ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ግን ያንን የሚናገረው ልኬቱ እንጂ አስቀድሞ የተከፈለ ጥቅል አይደለም።

ስለ ንባብም በግልጽ ልናገር። በ2019 የወጣው ተከታዩ ጥናት፣ 310 ልጆች የተሳተፉበት፣ የዓይኑን መጋጠም ቢያሻሽልም ያነበቡትን የመረዳት ውጤታቸውን ከማስመሰያው ሕክምና በላይ ከፍ አላደረገውም። ራስ ምታቱና ድርብ እይታው እንዲቀንስለት ተስፋ ያድርጉ፤ የትምህርት ቤት ውጤቱ እንዲቀየር ብለው ግን ይህን ያህል አያውጡ። ዲስሌክሲያን (የንባብ መታወክን) በዓይን ልምምድ እናድናለን የሚል ቦታ ካጋጠመዎት ይውጡ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት ለዚያ ማስረጃ የለም ብለው በጋራ መግለጫ አውጥተዋል። ለዚህ ችግር ተብሎ ለልጆች የሚሸጥ ፕሪዝም ያለበት የንባብ መነጽርም ከተራ መነጽር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ እዚያ ላይ ገንዘብ ይቆጥቡ።

የቤቱ 15 ደቂቃ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። ከተዘለለ ክሊኒኩ ያለፈውን ሳምንት ሲደግም የእናንተ 160 ዶላር ይሄዳል። ለምሳሌ ብሮክ ስትሪንግን እንይ። 3 ሜትር ያህል ገመድ ሆኖ ሦስት ባለ ቀለም ዶቃ አለው፤ ቤት መሥራት ይቻላል። አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ ያስሩታል፣ ሌላውን ልጁ አፍንጫው ላይ ይይዛል። ዶቃውን ሲያይ አንድ ዶቃና ሁለት ገመድ መታየት አለበት፣ ገመዶቹም ልክ ዶቃው ላይ መስቀል ይሠራሉ። መስቀሉ ከዶቃው ወዲያ ከሄደ ዓይኖቹ በበቂ አልተጋጠሙም። ወዲህ ከመጣ ከሚገባው በላይ ተጋጥመዋል። አንደኛው ገመድ ጨርሶ ከጠፋ አእምሮው የአንዱን ዓይን ምስል ዘግቶታል ማለት ነው፤ ዓይኑን ያርግብ፣ እርስዎም ገመዱን ትንሽ ያንቀጥቅጡት፣ ይመለሳል። "ጨረስክ?" ብለው አይጠይቁት፤ ልጅ ሁሉ ጨርሻለሁ ይላል። "መስቀሉ የት ነው ያለው? ስንት ገመድ አየህ?" ብለው ይጠይቁት። አጠገቡ ሆነው ካልጠየቁት ባዶ ገመድ እያየ 15 ደቂቃው ያልፋል።

ዋጋው አሁንም ከከበዳችሁ የኦፕቶሜትሪ ኮሌጆችን ክሊኒክ ይጠይቁ። ኒው ዮርክ ሱኒ የኦፕቶሜትሪ ኮሌጅ፣ በርክሊ፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ቺካጎ ያለው የኢሊኖይ ኮሌጅ ሁሉም ታካሚ የሚቀበሉ የማስተማሪያ ክሊኒኮች አሏቸው። ተማሪው በመምህር ቁጥጥር ይሠራል፤ ጊዜው ይረዝማል፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ሩቅ ከሆነባችሁ ሐኪሟን ቀጠሮውን በሁለት ሳምንት አንዴ አድርጋ ቤቱን እንድታጠናክር መጠየቅ ይቻላል፤ ውጤቱ እንደተጠናው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

ወርቅ ሚዛን

ስለ ክፍያው ብቻ።

በአንዴ አትክፈዪ። 384 ዶላር ቅናሽ ለማግኘት 3,456 ማስያዝ ነው፤ ልጁ በ12ኛው ሳምንት ቢሻለውስ? ከአንድ ወር በኋላ መሥሪያ ቤት ብትቀይሩስ? ስለ ቅናሹ ካሰባችሁ "ያልተሠራው ቀጠሮ ገንዘብ ይመለሳል፣ የተሠራው በስንት ዋጋ ይታሰባል" የሚለውን በጽሑፍ ያዙ። ብዙ ጥቅሎች ቀድመሽ ስትተዪ የተሠራውን በሙሉ ዋጋ አስበው ነው የሚመልሱት።

ሌላም ችግር አለው። ኤፍኤስኤ (በመሥሪያ ቤት በኩል ለሕክምና የሚቀመጥ ገንዘብ) ካላችሁ፣ ያ ገንዘብ የሚመልሰው የተሠራን ሕክምና እንጂ የተከፈለን ብቻ አይደለም። በኅዳር ከፍለሽ ሕክምናው በመጋቢት ከሆነ የሚቆጠረው የመጋቢቱ ዓመት ላይ ነው።

ኤፍኤስኤና ኤችኤስኤ (የራስ የሕክምና ቁጠባ አካውንት) ለዚህ ይሠራሉ፤ ሐኪም ለታወቀ ችግር ያዘዘው ሕክምና ነው። የኤፍኤስኤ ጣሪያ በ2025 3,300 ዶላር፣ በ2026 3,400 ነው። ከታክስ በፊት ከደመወዝ ስለሚቆረጥ፣ 22 በመቶ የፌዴራል ታክስ ለሚከፍል ቤተሰብ 3,000 ዶላር ላይ ከሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ጋር 890 ዶላር ገደማ ይተርፋል። ይኸው ክሊኒኩ ከሚሰጥሽ ቅናሽ ይበልጣል። ግን ምዝገባው በዓመት አንዴ ነው፤ ልጅ አዲስ ምርመራ ማግኘቱ በመሃል ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። የምዝገባው ወቅት ከቀረበና ሐኪሟ ጥቂት ሳምንት መጠበቁ አይጎዳውም ካለች፣ ሕክምናውን ከፊሉ ዘንድሮ፣ ከፊሉ በሚቀጥለው ዓመት እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። ለዓመቱ የመደባችሁት የኤፍኤስኤ ገንዘብ ከጥር ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይገኛል፣ እስኪቆረጥ መጠበቅ የለም። ከኔትወርክ ውጪ ዲዳክቲብላችሁ ዘንድሮ ሞልቶ ከሆነ ግን ተቃራኒውን አድርጊ፦ ሁሉንም እዚሁ ዓመት ጨርሱ።

ኤችኤስኤ ካላችሁ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ የወጣ ወጪ እስከሆነ ድረስ ደረሰኙን አስቀምጠሽ ከዓመታት በኋላም ማውጣት ትችያለሽ። ወደ ክሊኒኩ የነዳችሁትም ይታሰባል፤ በ2025 በማይል 21 ሳንቲም ነበር፣ የመኪና ማቆሚያም ይጨመርበታል።

በዓመታዊ ታክስ ላይ እቀንሰዋለሁ ብለሽ ግን አትቁጠሪ። የሚቆጠረው ከጠቅላላ ገቢያችሁ 7.5 በመቶ በላይ ያለው ብቻ ነው፣ ያውም ታክስ ስትሞሉ ወጪያችሁን በዝርዝር የምታስገቡ ከሆነ። ገቢያችሁ 80,000 ከሆነ የመጀመሪያው 6,000 ዶላር አይቆጠርም።

ክሊኒኮች የሚያቀርቡትን የሕክምና ክሬዲት ካርድ ተጠንቀቂ። "ለ12 ወር ያለ ወለድ" የሚለው ብዙ ጊዜ የተላለፈ ወለድ ነው። በመጨረሻው ቀን 50 ዶላር ቢቀርብሽ እንኳ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉው ላይ ታስቦ ይመጣል፣ መጠኑም ከፍተኛ ነው። ክሊኒኩ ራሱ ያለ ወለድ በወር እንዲያስከፍላችሁ ጠይቂ፤ ትናንሽ ክሊኒኮች ይስማማሉ።

ክሌም ላለማስገባት ከወሰናችሁ "ጉድ ፌይዝ ኤስቲሜት" (ክሊኒኩ አስቀድሞ የሚሰጠው የዋጋ ግምት) በጽሑፍ ጠይቂ፤ ኢንሹራንስ ያለውም ሰው በራሱ ሲከፍል መብቱ ነው። ሂሳቡ ከተሰጠሽ ግምት በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ቢበልጥ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይቻላል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም፦ ልጁ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ካለውና ከ21 ዓመት በታች ከሆነ፣ ኢፒኤስዲቲ በሚባለው ሕግ ለሕክምና አስፈላጊ የሆነውን ሁሉ መሸፈን አለባቸው፣ ለአዋቂ የማይሸፍኑትን ጨምሮ። ቅድመ ፈቃድ አስጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ፌር ሂሪንግ (የመንግሥት የይግባኝ ችሎት) ጠይቁ።

አደይ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙሉውን ሰነድ አገኘን፣ ፕላኑ ሰልፍ ፈንድድ ነው። ክልከላው የሚለው "ለመማር ወይም ለንባብ ችግር የሚሰጥ የዓይን ልምምድ አይሸፈንም" ነው፤ ኮንቨርጀንስን አይጠቅስም። ክሊኒኩ በሰጠን ወረቀት ላይ ግን ኤች 51.11 ሁለተኛ ሆኖ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ኤፍ 81.0 ተጽፏል። ይህ ችግር አለው?

ግዮን

አለው፣ ትልቁም ችግር እሱ ነው። ኤፍ 81.0 የንባብ መታወክ ኮድ ነው። ክሌሙን የሚያነበው ሰው ወይም ኮምፒውተር የመጀመሪያውን መስመር አይቶ በዚያው ክልከላ ይዘጋዋል፣ ኤች 51.11 ላይ አይደርስም።

ሐኪሟን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ልጁ በባለሙያ ተፈትኖ የንባብ መታወክ አለበት ተብሏል? ካልተባለና የተጻፈው ማንበብ ይቸገራል ስላላችሁ ብቻ ከሆነ ያ ቅሬታ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ከክሌሙ ላይ መውጣት አለበት። ተፈትኖ የተረጋገጠ ከሆነ ግን መዝገቡ ላይ ይቆይ፣ እንዲሰረዝ አትጠይቂ። በዚህ ቀጠሮ የሚታከመው ዓይኑ ስለሆነ ግን ክሌሙ ላይ ኤች 51.11 ነው መምራት ያለበት። ደብዳቤዋም ስለ ውጤት ካርድና ስለ ትምህርት ቤት አያውራ። ድርብ እይታ፣ ራስ ምታት፣ ዓይናማው የዘረዘራቸው አራት ልኬቶች፣ የ12 ሳምንት ዕቅድ፣ በ12ኛው ሳምንት የሚደረግ ድጋሚ ልኬት፤ ይኸው ይበቃል።

ከዚያ 12 ቀጠሮ ብቻ ጠቅሳችሁ ቅድመ ፈቃድ ጠይቁ፣ 24 አትበሉ። ከኔትወርክ ውጪ ስለሆነች ክሊኒኩ ካልጠየቀላችሁ አንቺ ራስሽ መጠየቅ ትችያለሽ። መልሱን በጽሑፍ ሳትይዙ የመጀመሪያውን ቀጠሮ አትጀምሩ። እምቢ ካሉ ደብዳቤው ላይ የጠቀሱትን የሰነድ ገጽና መስመር እዚህ አምጪው። ሰልፍ ፈንድድ ስለሆነ የስቴቱ ኢንሹራንስ ቢሮ ሥልጣን የለውም። የሚረዳችሁ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም ክፍል፣ ኢብሳ፣ ነው፣ ስልኩ 1-866-444-3272፤ ይግባኙ ከመላኩ በፊትም በነጻ ያማክራሉ።